የዐማርን እንባ ያበሰ እጅ

 

ዛሬ የምተርክልህ ስሙን ስለምታውቀው ሶሐባ ነው። መድረሳ ተቀምጠህ ካደግክ በኢስላም የመጀመሪያዋ ሸሂድ ማን ናት ተብለህ ተጠይቀሃል፤ ሱመያ ብለህም መልሰሃል። ልጇን ዐማር ኢብኑ ያሲርን (ረ.ዐ) ግን አብዛኛውን ጊዜ በእናቱ ታሪክ መሃል ጠቅሰነው እናልፋለን። እናትና አባቱ ሸሂድ ሆኑ፣ እሱ ተረፈ፤ በቃ። የተረፈው ሰው ያንን ሁሉ በሆዱ ይዞ ቀሪ ዘመኑን እንዴት እንደኖረ ብዙም አናወራም።

እኔን ዛሬ የሚያሳስበኝ ይሄ የተረፈው ሰው ነው። በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ መልእክቶች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት፣ በዶርም፣ በሥራ ቦታ ወይም በስልኩ ላይ በሰዎች ሲዘለፍ፣ ሲንጓጠጥ፣ ሲሸማቀቅ ይኖራል። መልኩን፣ አነጋገሩን፣ ድህነቱን፣ ሒጃቧን እየጠሩ ይስቁበታል፣ ይስቁባታል። ቀስ በቀስ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰው ማየት ያስጠላል፤ ሶላት ላይ ተቁሞ እንኳ የሚሰማው ያ የሳቅ ድምፅ ነው። መልእክቱ የሚዘጋው ግን ስለ ዘላፊዎቹ በመጠየቅ አይደለም። ኢማኔ ደካማ ስለሆነ ይሆን እንዲህ የሆንኩት የሚል ነው ጥያቄው። ይህን ጥያቄ ማን እንዳስተማረን አላህ ይወቀው። ብቻ የዐማርን ሕይወት አብረን እንየውና ከዚያ ራስህን ጠይቅ።

ያሲር የየመን ሰው ነው። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሆኖ የጠፋ ወንድማቸውን ሊፈልግ መካ መጣ። ወንድሞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ እዚያው ቀረ። በዚያ ዘመን መካ ውስጥ ጎሳ የሌለው ሰው ቢመቱት የሚቆምለት፣ ቢገድሉት ደሙን የሚጠይቅለት አልነበረውም። ስለዚህ ያሲር ከበኑ መኽዙም ጎሳ አቡ ሑዘይፋ ከተባለ ሰው ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ በእሱ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አቡ ሑዘይፋም ባሪያው የነበረችውን ሱመያን ዳረለት። ዐማር ከእነሱ ተወለደ፤ አቡ ሑዘይፋም ነፃ አወጣው። እንግዳ አባት፣ ባሪያ እናት፣ በሌላ ሰው ጎሳ ስም የሚኖር ቤተሰብ። በመካ ሚዛን ከዚህ በታች ብዙ ቦታ የለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአርቀም ቤት ተሸሽገው ሲያስተምሩ ዐማር ሊሰማቸው ሄደ። በሩ ላይ ሱሀይብ አር-ሩሚን አገኘው። ሁለቱም በአካባቢው ወገን የሌላቸው ናቸው። አንዱ ሌላውን ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ ጠየቀ፤ የመጡበት ጉዳይ አንድ ሆኖ ተገኘ። አብረው ገቡ፣ ሰለሙ፣ እስኪመሽ ቆይተው ተደብቀው ወጡ። ልብ በል፣ ዐማር በዕድሜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው። ያኔ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ጎልማሳ ነበር። ይህን የምልህ በኋላ የሚመጣውን እንባ የልጅ እንባ አድርገህ እንዳታስበው ነው።

አቡ ጀህል ሰውን የሚያሠቃይበት መንገድ ነበረው፤ የሲራ ጸሐፊዎች አስቀምጠውልናል። የሰለመው ሰው ባለ ክብር ከሆነ አባቶችህን አዋረድክ እያለ ስሙን እንደሚያጠፋበት ይዝትበታል። ነጋዴ ከሆነ ገበያህን እናደርቀዋለን ይለዋል። ደካማ ከሆነ ይደበድበዋል፣ ሌላውንም ያስነሳበታል። አየህ አይደል? ተሳዳቢና ተደባዳቢ ሰው ዝም ብሎ የተቆጣ ሰው እንዳይመስልህ። ማንን በምን እንደሚመታ ያሰላል። ስም ያለውን በስሙ፣ ገንዘብ ያለውን በገንዘቡ፣ ምንም የሌለውን በገላው። የሚገርመው ደግሞ አቡ ጀህል ከዚያው ከበኑ መኽዙም ነው። የያሲር ቤተሰብ ጥላችን ያለው ጎሳ ነው ዞሮ የመታቸው። ከማያውቁት ሰው ከሚመጣ ዱላ ይልቅ ጠባቂዬ ካሉት ሰው የሚመጣው ምን ያህል እንደሚያቆስል የደረሰበት ያውቀዋል።

የበኑ መኽዙም ሰዎች ፀሐይ ስትከር አባትን፣ እናትንና ልጅን ወደ መካ አሸዋ ያወጧቸው ነበር። የብረት ልብስ አልብሰው ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሲያልፉ ያዩአቸዋል። ማስቆም የሚችሉበት አቅም በዚያን ጊዜ በእጃቸው አልነበረም። ሰብር እንዲያደርጉ፣ ቀጠሯቸው ጀነት መሆኑን ነግረዋቸው ያልፋሉ። ሱመያ በዕድሜ የገፋች እናት ነበረች። የሚፈልጉትን ቃል ከአፏ ማውጣት ቢያቅታቸው አቡ ጀህል በጦር ወጋት፤ ሞተች። ያሲርም በስቃዩ ውስጥ አለፈ።

ዐማር ብቻውን ቀረ። በእሳት አሠቃዩት። ትንፋሽ እስኪያጥረው ውሃ ውስጥ ደፈቁት። በመጨረሻ አንድ ቀን የሚናገረውን እስከማያውቅ አደረሱትና አማልክቶቻቸውን በመልካም፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በክፉ እንዲያነሳ አስገደዱት። አነሳ። ለቀቁት።

አሁን ከአንተ ጋር ቆም ማለት የምፈልገው እዚህ ነው። ስቃዩ አብቅቷል፤ ሰውየው ነፃ ነው፤ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ግን እያለቀሰ ነው የሄደው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ሆንክ ሲሉት መጥፎ ነገር ሆኗል አላቸው። አሠቃዩኝ ብሎ አልጀመረም። እናቴን ገደሉብኝ ብሎም አልጀመረም። እርስዎን ክፉ እስክናገር፣ አማልክቶቻቸውን በመልካም እስከማነሳ አልተዉኝም ብሎ የራሱን ቃል ነው የነገራቸው። ዱላው ከገላው ላይ ተነስቶ ውስጡ ገብቷል፤ አሁን የሚመታው ራሱን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሥነ ልቦና ትምህርት ስለ ጥቃት ስንማር ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ ነበር። ጥቃት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አድርጎ የሚይዘው ራሱን ነው። ለምን ዝም አልኩ፣ ለምን አልሸሸሁም፣ ለምን እንዲህ አልኩ እያለ ሌሊቱን በሙሉ ራሱን ከሶ ይፈርዳል። የተዘለፈ ልጅ ዘለፋው ሲደጋገምበት ዘላፊው ባይኖርም እንኳ ቃሉን ለራሱ መድገም ይጀምራል። ሰውነቱም አደጋው ገና ያላለቀ ይመስል ይነቃል፤ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይታመማል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ጭንቀትና ድባቴ የምንላቸው ነገሮች ብዙ ጊዜ በዚህ በር ይገባሉ። መድረሳ ተመልሼ የሱረቱ ነሕልን 106ኛ አንቀጽ ተፍሲር ስቀራ ያው ነገር በዐማር እንባ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? በዘገባዎቹ እንደተላለፈልን እንባውን በእጃቸው አበሱለት። ከዚያም ልቡን እንዴት እንደሚያገኘው ጠየቁት። ለምን እንዲህ አልክ አላሉትም። ቢላል እኮ አልተናገረም አላሉትም። የጠየቁት ስለ ልቡ ነው። በኢማን የረጋ ነው ሲላቸው፣ ተመልሰው ካስገደዱት እሱም ተመልሶ እንዲላቸው ፈቀዱለት። አንቀጹም ልቡ በኢማን የረጋ ሆኖ የተገደደውን ሰው ከወቀሳ የሚያወጣ ሆኖ ወረደ። አንድ የተሰበረ ሰው ራሱን ስለከሰሰ ከሰማይ ነፃ የሚያወጣው ፍርድ መጣ ማለት ነው። ሱብሃነላህ።

ስለ ቢላል (ረ.ዐ) ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሰዎች የሚዘረዝረው ዘገባ፣ ከቢላል በቀር ሌሎቹ የተሠቃዩት ሙሽሪኮች የፈለጉትን በአፋቸው እንደሰጧቸው ይናገራል። እኛ ግን በየመድረኩ የምንተርከው የቢላልን ብቻ ነው። ደስ ይላል፣ ያበረታል፤ ሐቅም ነው። ነገር ግን ለተሰበረ ልጅ ሁልጊዜ ያልተሰበረውን ሰው ብቻ እያሳየን ምን እንደምንነግረው አስበንበት እናውቃለን? ዲኑ ለሁለቱም ቦታ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐማርን ኢማን እስከ አጥንቱ ዘልቆ የሞላው ሰው ብለው መስክረውለታል። ያ እስከ አጥንቱ የተሞላው ሰው ነው እያለቀሰ የመጣው።

ስለዚህ አንድ ወንድምህ ተሸማቅቆ፣ ጨልሞበት አጠገብህ ሲቀመጥ ቁርኣን ስለማትቀራ ነው ብለህ አትጀምር። ቁርኣኑም ዚክሩም መድኃኒት ነው፤ እኔም እሱን ነው የማስተምረው። እንደ ዱላ ከተወረወረ ግን ቁስል ላይ የሚያርፍ ዱላ ይሆናል። መጀመሪያ እንባውን አብስ፣ ልብህ እንዴት ነው በለው፣ ስማው። ነገሩ ከአንተ አቅም በላይ ከሆነ፣ በተለይ ራሱን ስለመጉዳት ካወራ፣ ብቻውን አትተወው፤ አብረኸው ወደ ሐኪም ሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የሚለውን የሆስፒታል ስም ስድብ አድርገን አማኑኤል ሂድ መባባል ለምደናል። በአንድ ቀልድ ስንት የታመመ ሰው ደጃፉን እንዲፈራ እንዳደረግን አላህ ነው የሚያውቀው።

ለመሆኑ መሸሽስ? ይህንንም ትጠይቁኛላችሁ። በዚያው በስቃዩ ዘመን፣ እ.ኤ.አ 615 ገደማ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ወዳለበት ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ፣ ተከታዮቻቸውን ልከዋል። ሰብር ማለት ከሚመታህ ሰው ፊት ቆሞ መቆየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ባሕር የሚሻገር አይኖርም ነበር። የሚያዋርድህን ግሩፕ ለቅቀህ ብትወጣ፣ የሚዘልፍሽን አካውንት ብትዘጊው፣ ለመምህር ወይም ለአለቃ ብታመለክቱ ከሰብር አልጎደላችሁም።

ዐማር ወደ መዲና ተሰደደ። እዚያ ሌላ ሕይወት ተጀመረ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሲሠራ ሌላው ሰው አንድ አንድ ጡብ ሲሸከም ዐማር ሁለት ሁለት ይሸከም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩትና አቧራውን አራገፉለት። አመፀኛ ቡድን እንደሚገድለውም ያን ቀን ተናገሩ። መካ ላይ እንባውን ያበሰ እጅ መዲና ላይ አቧራውን አራገፈ። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በድር ላይ አቡ ጀህል ወደቀ፤ ዐማርም በዚያ ዘመቻ ነበረ። የእናቱን ገዳይ መጨረሻ አየ። ይህ ልቡን ምን ያህል እንዳሳረፈው እኔ አልነግርህም፤ የጠላት መውደቅ ግን ብቻውን የተሰበረን ሰው አይጠግንም። ዐማርን የጠገነው በየቀኑ የሚያከብሩት ሰዎች መሃል መኖሩ ይመስለኛል።

ለዚህ ከፊቅህ ትምህርት የምታውቀውን አንድ ታሪክ ላስታውስህ። ዐማር ከዑመር (ረ.ዐ) ጋር መንገድ ላይ ሳሉ ትጥበት ግዴታ ሆነባቸው፤ ውሃ የለም። ዑመር ሳይሰግድ ቀረ። ዐማር ደግሞ በውሃ ፋንታ አፈር ከሆነ ገላዬን በሙሉ ላዳርስ ብሎ እንደ እንስሳ መሬት ላይ ተንከባለለ። እስኪ ዛሬ አንድ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ አስበው! ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ስንት ጊዜ ይዞር ነበር? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው መዳፋቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ እፍ ብለው፣ ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱና ይሄ ብቻ ይበቃህ ነበር አሉት። አለቀ። የተሳለቀበት የለም። ከዓመታት በኋላ ዑመር ኸሊፋ ሆኖ ስለ ተየሙም ጥያቄ ሲነሳ ታሪኩን ፊት ለፊት ያስታወሰው ዐማር ራሱ ነው። ሰው ያልተሸማቀቀበትን ስህተቱን ራሱ ያወራዋል፤ ከእሱም ሌላው ይማራል። እኛም እስከ ዛሬ ተየሙምን የምንማረው ከዚያ ወሬ ነው።

ሁሉም ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። በሶሐቦች መሃልም ሰው ሰውን የሚያስቀይምበት ጊዜ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልገንም። አንድ ቀን በዐማርና በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) መካከል ንግግር ተፈጠረና ኻሊድ ዐማርን በክፉ ቃል ተናገረው። ኻሊድ የየትኛው ጎሳ ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ? የበኑ መኽዙም። ያው የቀድሞው ጎሳ፣ ያው የበላይነት ድምፅ። ዐማር ሊያመለክት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደ። ኻሊድም ተከትሎ መጣና እሳቸው ፊት መናገሩን ቀጠለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም ብለዋል። ዐማር አለቀሰ፤ አያዩትም እንዴ አላቸው።

እንግዲህ አስበው። በጦርነት የተፈተነ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው በአንድ ሰው ንግግር ያለቀሰው። ያለፈውን የማያውቅ ሰው ቢያይ አንድ ቃል እንዲህ ያስለቅሳል ወይ ይል ይሆናል። እኛም ለስንቱ እንደዚያ ብለናል፤ ቀልድ አታውቅም እንዴ ብለናል። የዛሬው ቃል ግን ባዶ መሬት ላይ አያርፍም። በፊት የተመታ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያንን ቦታ አንተ አታየውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን ቀና አደረጉና ዐማርን ጠላት ያደረገን አላህ ጠላት እንደሚያደርገው፣ ዐማርን የጠላን አላህ እንደሚጠላው ተናገሩ። ሁለታችሁም ተዉ ብለው በዳይና ተበዳይን አላስተካከሉም። ኻሊድም፣ አላህ ይውደድለትና፣ ቃሉን ሲሰማ አልተከራከረም። ከዚያ ሲወጣ ከዐማር ውዴታ የበለጠ የሚፈልገው ነገር እንዳልነበረ ራሱ ተርኳል። ተከትሎት ሄደ፣ አናገረው፣ ዐማርም ወደደለት። የበደለ ሰው ምን ማድረግ አለበት ብለህ ከጠየቅክ ይኸው። ስቶሪ ላይ ለማንም ያልሆነ ይቅርታ ለጥፎ አልተቀመጠም፤ የበደለውን ሰው ፈልጎ አገኘው።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞት በኋላ፣ በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን በየማማ ጦርነት ሰዉ ሲሸሽ ዐማር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሙስሊሞችን ከጀነት ነው ወይ የምትሸሹት እያለ ሲጣራ፣ አንድ ጆሮው ተቆርጦ ተንጠልጥሎ እንደነበር ኢብኑ ዑመር አይቶ ተርኳል። ከዚያ በኋላ ዐማር አንድ ጆሮ የሌለው ሰው ሆነ። ሰው ደግሞ የጎደለ ነገር አይቶ አያልፍም።

ዑመር (ረ.ዐ) በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ የኩፋ አሚር አድርጎ ሾመው። አሚር ሆኖ ሳለ ገበያ ወርዶ በአንድ ዲርሃም የከብት መኖ ገዝቶ፣ ለማሰሪያው ገመድ ከሻጩ ጋር እየተጓተተ፣ ከዚያም በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ሲሄድ ያየው ሰው ተርኮልናል። ያ ጀርባ የመካ ጠባሳ ያለበት ጀርባ ነው። ልብሱን አውልቆ ያዩት ሰዎች ምንድነው ይሄ ሲሉት፣ ቁረይሾች በመካ ሐሩር ያሠቃዩኝ ምልክት ነው ብሎ ነግሯቸዋል። አልደበቀውም።

በዚያው ዘመን የኩፋ ሰዎች በዐማር መሪነት የበስራን ጦር ሊያግዙ ዘመቱ። ድል ሆነ፤ ምርኮው ላይ ክርክር ተነሳ። ከበኑ ተሚም የሆነ አንድ ሰው ዐማርን አንተ ጆሮ ቆራጣ ብሎ ሰደበው፤ ከእኛ ምርኮ ልትካፈል ነው ወይ አለው። ዐማር የሰደብከው ከጆሮዎቼ የተሻለውን ነው ብሎ መለሰለት። በአላህ መንገድ የተቆረጠው ነውና። የምርኮው ክርክርም በደብዳቤ ወደ ዑመር ሄደ።

ይህን መልስ ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የድሮው ዐማር ነው። ሰዳቢው ሊያዋርደው የጎደለበትን ቦታ መርጦ መታ፤ እሱ ግን ያንን ቦታ እንዴት እንደሚያየው ከረጅም ጊዜ በፊት ጨርሶታል። ስድቡን በስድብ አልመለሰም፣ አሚር ነኝ ብሎም አላሰረውም። ግን እህቴ፣ ነገ ጠዋት እንዲህ መመለስ ካልቻልሽ አትዘኚ። ከመካ አሸዋ እስከዚህ መልስ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለ፤ በመሃሉም እንባ አለ፤ በመሃሉም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጅ አለ።

የኩፋ ሰዎች ፖለቲካ አያውቅም ብለው ስለከሰሱት ዑመር ከሹመቱ አነሳው። በኋላ ከፍቶህ ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ስትሾመኝ አልተደሰትኩም፣ ስታነሳኝ ግን ከፍቶኛል አለው። እኔ ይህን ሐቀኝነት እወደዋለሁ። አልሐምዱሊላህ ምንም አልተሰማኝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ዑመርም የዐማርን ደረጃ አልረሳም። ኸባብ ኢብኑል አረት ሊያየው በመጣ ጊዜ አጠገቡ እንዲቀመጥ ጋብዞ፣ ከዐማር በቀር ከአንተ የበለጠ ለዚህ ቦታ የሚገባው የለም አለው። ኸባብም ሙሽሪኮች ያደረሱበትን የጀርባውን ጠባሳ ያሳየው ጀመር። በመካ የተጣሉ ሰዎች ናቸው እነዚህ፤ በዑመር መጅሊስ ጠባሳ ከፍ ያለ መቀመጫ ያሰጥ ነበር።

ከዑስማን (ረ.ዐ) መገደል በኋላ ፊትና መጣ። በሶሐቦች መካከል የተፈጠረውን ምላሳችንን ሰብስበን በአክብሮት እናልፋለን፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ዐማር ከዐሊይ (ረ.ዐ) ጎን ቆመ፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በተቃራኒው ወገን ነበሩ። ዐማር ኩፋ ውስጥ ሚንበር ላይ ወጥቶ ሰዉን ለዐሊይ ሲያስነሳ እንኳ እሳቸው በዱንያም በአኺራም የነቢያችን ሚስት መሆናቸውን ለሕዝቡ ተናገረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው እሱ ባለበት እናታችንን ሰደባቸው። ሰውየው ዐማርን ደስ ያሰኘሁ መስሎት ሊሆን ይችላል። ዐማር ግን በቁጣ ከፊቴ ጥፋ አለው፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተወዳጅ ነው ወይ የምትጎዳው ብሎ ገሠጸው። ዛሬ በየግሩፑ ለዲን ነው እየተባለ የሌላ ኡስታዝ ተከታይ የሆነ ልጅ ላይ ሃምሳ ሰው ሲዘምት፣ ፎቶውን አጣሞ ሲያስቅበት፣ እናቱን ሲያነሳበት አያለሁ። የምትደግፈው ወገን ሐቅ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ዐማር እኮ ተቃዋሚው ስለሆኑት ሰው ክብር ነው የራሱን ወገን ያባረረው። ስድብ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

በ37ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ 657፣ ሲፊን ላይ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት ተሰለፈ። ወተት አመጡለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዱንያ የመጨረሻው መጠጡ ወተት እንደሚሆን ነግረውት ነበርና ሲያየው ሳቀ። ጠጣ፤ ወደ ፊት ሄደ፤ ተገደለም። ዐሊይ (ረ.ዐ) ሰገደበት። ገላው ሳይታጠብ በለበሰው ልብስ ተቀበረ።

ረዲየላሁ ዐንሁ ወአርዷህ።